የስድስት ሰው ጥብስና አንድ ዋስ

በልቶ መክፈል ያልቻለ ደንበኛ ሲገኝ ኪሳራውን ማን ይሸከም? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ባለቤቶች ሁሉ መልሱን ያውቁታል፤ አስተናጋጆችም ሁሉ ያውቁታል፤ ችግሩ ሁለቱ የሚያውቁት መልስ አንድ አለመሆኑ ነው። እኔ ባለቤትም አስተናጋጅም አይደለሁም። ከድንበር ማዶ፣ ገዳሪፍ ገበያ ዳር ባለ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ሒሳብ ተቀባይ ነኝ። ስለዚህ በጉዳዩ ላይ ከእኔ የተሻለ ገለልተኛ ሰው አታገኙም። ገለልተኛነቴ እስከ ምን ድረስ እንደሆነ ቆይታችሁ ትፈርዳላችሁ።

እስቲ አስቡት። ታካሚው ሳይከፍል ቢሰወር መርፌ የወጋችው ነርስ ከደመወዟ ይቆረጥባታል? አይቆረጥባትም። ከሾዋክ ገዳሪፍ የሚመጣ አውቶቡስ ላይ ግን አንድ ተሳፋሪ መሐል መንገድ ላይ ወርዶ ቢጠፋ ሾፌሩ ዞሮ የሚያየው ረዳቱን ነው። ባንክ ቤት የተበደረው ሰው ሲከስር ብድሩን የፈቀደው ሹም ወደ ትልቅ ቅርንጫፍ ይዛወራል፤ የሱቅ ሻጭ በዱቤ የሰጠው ስኳር ሲቀልጥ ግን ከሻጩ ኪስ ነው የሚቀልጠው። ይህን ሁሉ አገናዝቤ የደረስሁበት ነገር ቢኖር ወሳኙ ልብስ መሆኑ ነው። ጋዋንና ሱፍ የለበሰ አይከፍልም፤ ሽርጥ ያገለደመ ይከፍላል። የኛ አስተናጋጆች ሽርጥ ያገለድማሉ።

ምግብ ቤቱ የእትዬ ዝናሽ ነው። ከጎንደር ወጥተው ገዳሪፍ ከገቡ ሃያ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ክፉ ሰው እንዳይመስሏችሁ። ሠራተኛ ሲታመም ያሳክማሉ፤ ለዓመት በዓል ልብስ ይገዛሉ፤ አገር ቤት ዘመድ የሞተበት ሲኖር ምግብ ቤቱን ዘግተው ለቅሶ ያስቀምጣሉ። ብቻ በልተው የሚሰወሩ ሰዎች አንገፈገፏቸውና አንድ ቀን ሕግ አወጡ። ሳይከፈልበት የቀረ ሰሃን ሁሉ፣ ሰሃኑን ካቀረበችው ልጅ ደመወዝ ይቆረጣል።

"ታዲያ እኔ ነኝ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ የምዞር?" አሉ። "ያየችው እሷ፣ ያቀረበችው እሷ። ሐላስ።"

እትዬ ዝናሽ ሐላስ ካሉ ነገሩ አልቋል ማለት ነው። እኔም ሕጉን ወድጄው ነበር። አጭር ነው፤ ግልጽ ነው፤ ደግሞ እኔ ሰሃን አላቀርብም።

ከሕጉ ጋር አንድ ምክር ተሰጥቷል፦ ከማቅረባችሁ በፊት ገንዘብ መኖሩን ጠይቁ። እስቲ እናንተ ጠይቁ። ከእርሻ ወጥቶ፣ አቧራውን አራግፎ፣ እጁን ታጥቦ የተቀመጠ ሰው ፊት ቆማችሁ "ገንዘብ ይዘሃል?" በሉት። በእኛ ዘንድ ይህ ጥያቄ ሳይሆን ስድብ ነው፤ ያውም ዘር ማንዘርን የሚነካ። ልጆቹ ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም መጠየቅ ለመዱ። "ሥራ እንዴት ነበር?" ይላሉ። "ተመስገን" ይላል ሰውየው። ወር ሙሉ ሠርቶ ኪሱ ሞልቶም ይሆናል፤ መንገድ ላይ ተዘርፎ ነፍሱ ብቻ ተርፋለትም ይሆናል። ጎንደሬ በሁለቱም ተመስገን ነው የሚል። አስተናጋጇም "ተመስገን" ትልና ምግቡን ታመጣለች።

ከአስተናጋጆቹ አንዷ ለታይ ናት። በጦርነቱ ጊዜ እናቷን ደግፋ የድንበሩን ወንዝ ተሻግራ በሐምዳይት በኩል የገባች ልጅ ናት። እሷ ሥራ ፍለጋ ገዳሪፍ መጣች፤ እናቷ ቱነይድባ መጠለያ ቀሩ። እኒህ እናት ሁለቱንም ዐይናቸውን ሞራ ጋርዷቸዋል። ራሽን ለመቀበል ሲሰለፉ ጎረቤት እጃቸውን ይዞ ይመራቸዋል፤ ጎረቤት ያልተመቸው ቀን ደግሞ ሰልፉ ያልፋቸዋል። በዚያ ሰሞን ሞራ የሚገፍፉ ሐኪሞች ለጥቂት ሳምንታት ገዳሪፍ መጥተው ነበር። ቀዶ ጥገናው በነጻ ነው። የመኪናው፣ የማደሪያው፣ የመድኃኒቱና የመነጽሩ ግን በራስ ነው። ለታይ ደጋግማ አሰላችው፤ የወሩ ደመወዟ ሳይነካ ከወጣ ልክ ይበቃታል። ይህን ለሁላችንም ነግራናለች። ለእኔ ሁለት ጊዜ ነገረችኝ፤ ደመወዝ የምጽፈው እኔ ነኝና።

የገና ጾም በተፈታ ሳምንት፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ስድስት የቀን ሠራተኞች ገቡ። ማሽላ አጭደው መመለሳቸው ነው። አለቃቸው አያ ካሳው የሚባል፣ ዕድሜው ሃምሳ የሚጠጋ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ለታይ እንደ ደንቡ ሥራ እንዴት እንደነበር ጠየቀቻቸው። ስድስቱም ተመስገን አሉ። ስድስት ጥብስ አዘዙ። ስድስቱን ጨርሰው ድጋሚ ሦስት አስጨመሩ። ጾሙን ሙሉ ሽንብራ ሲቆረጥሙ የከረሙ ሰዎች ናቸውና አልፈረድሁባቸውም። ከምግብ በኋላ ሻይ፣ ከሻይ በኋላ ለስላሳ መጣ። አያ ካሳው ለመክፈል ሲነሣ ከሸሚዙ ውስጥ በጨርቅ የታሰረ ገንዘብ አወጣ። እኔ እንደዚያ ያለ ወፍራም እስር ካየሁ ቆይቻለሁ።

አሮጌው የሺህ ጂኔ ኖት ነበር።

ኖቱ መቀየሩን እኛ ከተማ ያለን ሰዎች እናውቃለን። የመለወጫው ቀን ካለፈ ሰነባብቷል፤ በአህያ ውኃ የሚሸጠው ሰውዬ እንኳ አሮጌውን አይቀበልም። እርሻው ግን ከአስፋልት የሁለት ቀን መንገድ ነው፤ ስልክ አይሠራም፤ የነገራቸው ሰው የለም። የእርሻው ወኪል የከፈላቸው በዚሁ ኖት ነው። ያውቅ እንደሆነና እንዳልሆነ እሱንና ፈጣሪውን ይጠይቋቸው።

"ይሄ አያልፍም" አልሁት።

አያ ካሳው አንዱን ኖት መዝዞ ወደ ብርሃን አነሣው። ዞር አድርጎ አየው። አጠገቡ ላለው ሰጠው፤ ያም አይቶ ለሚቀጥለው አሳለፈ። ስድስቱም በየተራ መረመሩት።

"ምን ጎደለው?" አለኝ።

"ምንም አልጎደለውም አያ ካሳው። ጊዜው አልፎበት ነው።"

"ድካሙ እኮ አላለፈም" አለ። "ወገቤን እስካሁን ያመኛል።"

እዚህ ላይ የሕጉን ጥበብ ልብ በሉልኝ። ለታይ ነውሩን ችላ፣ ደፍራ፣ ገንዘብ ይዛችኋል ወይ ብላ ብትጠይቅ ኖሮ ሰዎቹ ምን ይሏት ነበር? ይዘናል ነው የሚሏት። እስሩንም ያሳዩዋት ነበር። እትዬ ዝናሽ ከወጥ ቤት ብቅ አሉ፤ ገንዘቡን አዩት፤ ሰዎቹን አዩዋቸው፤ ከልባቸውም አዘኑ። "ወይ መከራ፣ እናንተ ልጆች" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "ሕጉ ይታወቃል" ብለው ተመለሱ። ደብተሬን ከፈትሁና በለታይ ስም ዘጠኝ ጥብስ፣ ስድስት ሻይ፣ ስድስት ለስላሳ ብዬ ጻፍሁ። ሲደመር የደመወዟ ግማሽ ነው። ለታይ የተደራረቡ ባዶ ሰሃኖች ይዛ ቆማለች። 

"ምንድን ነው የምትጽፍ?" አለኝ አያ ካሳው።

"ዕዳውን።"

"ማን ነው የሚከፍለው?"

"ልጅቷ።"

"ምን አጠፋች?"

"አቀረበችላችሁ።"

 አያ ካሳው ገንዘቡን መልሶ በጨርቁ አሰረና ቁጭ አለ። "እኛ የእህታችንን ደመወዝ በልተን አንሄድም" አለ። "ከቀላ አልነሐል ከተማ ወዲያ ሌላ እርሻ አለ። በአዲሱ ገንዘብ ነው የሚከፍሉ አሉ። ሠርተን እናመጣለን። እስከዚያ ዋስ እንጥራ።"

ገዳሪፍ መሐል ዋስ ከየት ይመጣል? ሰዎቹ ማንንም አያውቁም። አያ ካሳው ዙሪያውን ቃኝቶ ዐይኑ እኔ ላይ አረፈ። "ወንድማለም፣ አገርህ የት ነው?" አለኝ። እዚህ ላይ መተማ ነኝ፣ ካርቱም ነኝ፣ ጨረቃ ነኝ ማለት ይቻል ነበር። እኔ ግን አርማጭሆ አልሁ። "እንግዲያማ የኛው ልጅ ነህ" አለና ብድግ ብሎ፣ ሃያ የሚሆን በላተኛ እያየ፣ ባርኔጣውን አውልቆ "ዋስ ሁነኝ" አለኝ።

ከእኛ አገር ያልሆናችሁ ይህ ነገር ላይከብዳችሁ ይችላል። ባርኔጣውን ያወለቀ የአገር ሰው፣ ያውም በሰው ፊት፣ ዋስ ሁነኝ ሲል እምቢ ያለ ሰው እስካሁን አልሰማሁም። ኖሮም ከሆነ አገሩን ለቋል። ኪሴ ባዶ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አፌ ግን ሳያማክረኝ "እሺ" አለ።

ቤቱ በምርቃት ሞላ። የለታይን ስም ሰርዤ የራሴን ጻፍሁ። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሓወይ" አለችኝ፤ ወንድሜ ማለቷ ነው። ዐይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ጥሩ ሰው ሆኜ አላውቅም። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ልጆቹ ሻይ ሲቀዱልኝ እስከ አፉ ነው፤ እትዬ ዝናሽ እንኳ ለእንግዳ "የኛ ሒሳብ ተቀባይ፣ ወላሂ፣ ወንድ ነው" ይሉ ጀመር። ሁሉንም በትሕትና ተቀበልሁ።

ወሩ አለቀ። አያ ካሳውና ጓደኞቹ አልመጡም።

አሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ፤ የአስተሳሰቤን ቅደም ተከተል ማወቅ አለባችሁ። በዚያ ወር አንድ አዲስ ስልክ ልገዛ ቀጥሬ ነበር፤ ነጋዴው ለእኔ ብሎ መደርደሪያው ሥር አስቀምጦልኛል። የደመወዝ መዝገቡን ስሞላ አንድ የሕግ ሐሳብ መጣልኝ። ዋስ ማለት ባለዕዳው ሲጠፋ የሚጠየቅ ሰው ነው። ሰዎቹ ጠፍተዋል? አልጠፉም፤ ዘግይተዋል። የዘገየና የጠፋ አንድ አይደለም። እንግዲህ ባለዕዳው መጥፋቱ እስኪረጋገጥ ድረስ ዋሱ አይደረስበትም፤ ዋሱ ካልተደረሰበት ደግሞ የሚሠራው የቤቱ ሕግ ነው። ይህን ለእትዬ ዝናሽ አስረዳኋቸው። ግንባራቸውን ቋጥረው ካዳመጡኝ በኋላ "አንተ የተማርህ ነህ፤ አንተ ታውቃለህ" አሉ። ለተማረ ሰው ከዚህ የከፋ ነገር አይነገረውም። ያኔ ግን ምስጋና መስሎኝ ነበር። ስሜን ሰርዤ የለታይን መልሼ ጻፍሁ።

ለታይ ደመወዟን ተቀብላ ቆጠረች። ግማሽ ነው። ደግማ ቆጠረች።

"ሓወይ" አለችኝ፤ "ሐኪሞቹ ሰኞ ነው የሚሄዱት።"

"አውቃለሁ" አልኋት። በእርግጥም አውቅ ነበር። ገንዘቡ እንዳልተበላ፣ ሰዎቹ ሲመጡ እንደሚመለስላት፣ ነገሩ የጊዜ ጉዳይ ብቻ እንደሆነ አስረዳኋት። ካልተሳሳትሁ "ማፊ ሙሽኪላ" ብያታለሁ፤ ችግር የለም ማለቴ ነው።  ሽርጧን አስራ ወደ ሥራዋ ገባች። ሐኪሞቹም ሰኞ ሄዱ። የሚመለሱት ከክረምት በኋላ ነው ተባለ። ያፈርሁት ግን ያን ጊዜ እንዳይመስላችሁ፤ ያን ጊዜ አዲሱን ስልክ እየነካካሁ ነበር።

ሁዳዴ ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ስድስቱም መጡ። ከስተዋል፤ ጫማቸው አልቋል። ሁለተኛው እርሻ ክፍያውን አጓትቶባቸው፣ ከዚያ ደግሞ ኬላ ላይ ወረቀት አምጡ ተብለው ታግተው፣ የመጨረሻውን መንገድ በእግራቸው ነው የመጡት። ከኬላው በቀጥታ ወደ አገራቸው መሻገር ይችሉ ነበር፤ ወደ ገዳሪፍ የተመለሱት ለዘጠኝ ጥብስ ዕዳ ብለው ነው። ይህን ስሰማ ከመሬት በታች የሚገባበት ቀዳዳ ቢገኝ ሒሳቡን ትቼ እገባ ነበር።

እትዬ ዝናሽ ገንዘቡን ሊቀበሉ እጃቸውን ዘረጉ። አያ ካሳው ግን ራሱን ነቀነቀ። "የለም እሜቴ፤ ዋስ የሆነኝ እሱ ነው። እኛ ስንዘገይ እሱ ከፍሏችኋል። ለዋሴ ነው የምከፍል" አለና አዲሶቹን ኖቶች አንድ በአንድ እጄ ላይ ቆጠረ። ቤቱ እንደ በፊቱ በበላተኛ ተሞልቷል። እትዬ ዝናሽ እኔን አዩኝ፤ ከዚያ ወለሉን አዩ። ለታይ የሌላ ጠረጴዛ ሰሃን እንደያዘች ቆማለች። አንድ ቃል ብትናገር ያልቅልኝ ነበር፤ አልተናገረችም። እኔም ብናገር ይቀልለኝ ነበር፤ አልተናገርሁም። ገንዘቡን ምግብ ቤቱ ሰው ሲቀንስ ለለታይ ሰጠኋት። ይህን የምነግራችሁ እንድታመሰግኑኝ አይደለም፤ ሳትጠይቁኝ አታድሩም ብዬ ነው።

አያ ካሳው ቆጥሮ ሲጨርስ ግን አልተቀመጠም። ባርኔጣውን አውልቆ ሁለት እጁን ወደ እኔ ዘረጋ፤ አምስቱም ከኋላው ተነሡ። በላተኛው ሁሉ ጉርሻውን እንደያዘ ወደ እኛ ዞረ።

"ከሰው ፊት ያላሳፈርኸን፣ የእህታችንን ድካም ያላስበላኸን" አለ፤ "እግዚአብሔር የዐይንህን ብርሃን አይንሳህ። የእናትህንም።"

ቤቱ ሁሉ አሜን አለ። ለታይም ሰሃኑን እንደያዘች አሜን አለች።