ፓስታ የምበላው ለማን ነበር?

ሰው ምግቡን የሚመርጠው በምላሱ ይመስላችኋል? እኔ የምመርጠው በአለቃዬ ዓይን ነበር።

አምቦ ገና ሀገረ ሕይወት ስትባል ከአዲስ አበባ ተቀጥሬ መጣሁ። አለቃዬ ኦቦ ገመቹ ምሳቸውን ሆቴል ከእኔ ጋር ይበሉ ነበር፤ ሁልጊዜም ፓስታ። እኔም ፓስታ አዛለሁ። ሹካ በወጉ መያዝ ስለማልችል ግማሹ ሸሚዜ ላይ ይቀራል፤ ግማሹን ሳላኝክ እውጣለሁ። "ጣፈጠህ?" ሲሉኝ "እጅግ" እላለሁ፤ ከዚያ እስከ ማታ ሆዴ ይጮሃል።

አንድ ቀን የሆቴሉ ባለቤት አደ ጫልቱ መጥተው፣ "ፓስታ አልቆ ሰው ልኬያለሁ። እስኪመጣ ጭኮ ላቅርብላችሁ?" አሉን።

ኦቦ ገመቹ በሐዘኔታ አዩኝ። "እኔስ እበላ ነበር። ይህ የአዲስ አበባ ልጅ ግን እንዴት ይሆናል?"

"ጌታዬ፣ እኔ ፓስታ የምበላው እርስዎን ብዬ ነው" አልኩ፣ ረሃብ አናግሮኝ።

ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጉና፣ "እኔስ ማንን ብዬ መሰለህ?" አሉ።

በቅቤ የታሸው የገብስ ጭኮ ሲመጣ እጃችን ሳህኑ ላይ እየተጋጨ በላን። እንደዚያን ቀን ተዋደን አናውቅም። ልንጨርስ ስንል ከዋናው መሥሪያ ቤት የተላከ ተቆጣጣሪ በበሩ ገባ። ኦቦ ገመቹ ጣታቸውን በመሐረብ ጠረጉና ወደ ጓዳ ተጣሩ፤ "አደ ጫልቱ፣ ፓስታው አልደረሰም?"

እኔም ሳህኑን ወደ ጎን ገፋ አድርጌ፣ "ለእኔም" አልኩ።