ቤታችሁ ይሙቅ

የቀን ሕልም ፍቺ የለውም ይላሉ። አርክቴክት ጥላሁን ዘርጋው ያየውን ግን ፈቺዋ ራሷ ስልክ ደውላ ፈታችለት።

የዚያን ዕለት ጠዋት፣ በአፋር ቆላ ባለች አንዲት ከተማ እሱ የነደፈው የእናቶች ማዋለጃ ተመርቆ፣ እናቶቹ ከአሮጌው ክሊኒክ ተዛውረው ገብተው ነበር። የምዕራቡ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው። ጥላሁን የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፤ ቁር ያሳደገው ሰው ደግሞ ፀሐይ የማይገባውን ቤት ቤት አይለውም። የማዋለጃው ኃላፊ ሲስተር አሚናት ገና ፕላኑን ስታይ፣ «ኢንጂነር፣ በረንዳ የለውም እንዴ?» ብላው ነበር። «በረንዳ የድሮ ነው፤ ኤሲ አለላችሁ» አላት። የሕንፃው ፊት ከመንገድ እንዲታይም ግቢው ውስጥ የነበሩትን ግራሮች አስቆረጠ። በምረቃው ላይ ተናገር ሲባል እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ «ቤታችሁ ይሙቅ!» ብሎ መረቀ። ማንም አሜን አላለም። እሱ ማይክራፎኑ የተበላሸ መሰለው። ምሳውን በልቶ ሆቴሉ ገባና ኤሲውን ከፍቶ ጋደም አለ።

በሕልሙ ቤቶች በእግራቸው ይሄዱ ነበር። ሰዎቹ ግን በየመሠረታቸው ተተክለው ቆመዋል፤ አናታቸው ላይ ቆርቆሮ ተመትቷል። የጭቃ ቤቶች በረንዳቸውን እንደ ነጠላ ተከናንበው ይንሸራሸራሉ። አንዱ ቤት ቆም ብሎ የአንድ ሰውዬ ሆድ ላይ ያለውን በር አንኳኳ።

«ውስጥህ ቀዝቀዝ ይላል?»

«ኧረ እሳት ነው» አለ ሰውየው።

«እንግዲያው ሌላ ሰው እፈልጋለሁ» ብሎ ቤቱ መንገዱን ቀጠለ።

ጥላሁን የራሱን ሕንፃ ፍለጋ ሲዞር ድንገት ማዋለጃው ውስጥ ራሱን አገኘው። አልጋው ላይ የጣሪያው ቬንትሌተር ክንፎቹን አጣጥፎ ተኝቷል። ነፍሰ ጡሮቹ ዙሪያውን ከበው በሰሌን ያራግቡለታል፤ «አይዞህ፣ ተንፍስ» ይሉታል። ቀጥሎ ባለው አልጋ ላይ ፀሐይ እግሯን ዘርግታ ተንጋላለች።

«አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አላት።

«ተጠርቼ ነዋ! ‹ፀሐይ የሚገባው ክፍል› ብለህ የጻፍከው አንተ አይደለህ? ከስምንት ሰዓት እስከ ማታ አልጋው የእኔ ነው።»

«ሕፃናቱስ የት ይሂዱ?»

«እሱን አስቀድመህ ብትጠይቅ ጥሩ ነበር» አለችና ፊቷን አዞረችበት።

ከአልጋው ሥር ጨቅላ አለቀሰ። ጥላሁን ጎንበስ ብሎ አነሣው። ገላው እንደ ጉልቻ ግሏል። ሕፃኑን አቅፎ ሕንፃውን አንዴ ዞረው፤ ደግሞ ዞረው። ራሱ ያልሣለውን ጥላ ከየት ያምጣው? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነበት።

ሦስተኛውን ሲዞር የተቆረጠው ግራር ተመልሶ በቅሎ፣ ሥሩ የግንባታ ፈቃድ የሚሰጡ ፍየሎች ተሰይመው አገኘ። ሊቀመንበሯ ፕላኑን መሬት ላይ አንጥፋ ወዲያ ወዲህ አለችበት። ልትተኛ ተንበረከከች፤ አልመቻትም መሰለኝ፣ እንደገና ተነሣች።

«መተኛ የለውም» አለች።

«እመቤቴ፣ ፕላኑ ይቅር። ለዚህ ሕፃን ብቻ ትንሽ ጥላ ስጡኝ።»

«ስምህ ማነው?»

«ጥላሁን።»

ፍየሎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ያባትህስ?»

«ዘርጋው።»

«ታዲያ እኛን ምን ትለምናለህ? ጥላ ሁን! ዘርጋው!»

ጥላሁን ሕፃኑን መሬት ላይ አስተኝቶ በላዩ ላይ እጆቹን ዘረጋ። ለካ ገላው መስታወት ኖሯል። ፀሐይ በጀርባው ገባች፣ በደረቱ ወጣችና የሕፃኑ ፊት ላይ አረፈች። በዕድሜው እንደዚያ አፍሮ አያውቅም። የቀረው ጉሮሮው ብቻ ነበርና፣ «በረንዳ! በረንዳ ስጡኝ!» ብሎ ጮኸ።

በራሱ ጩኸት ነቃ። ላብ አጥምቆታል። መብራት ሄዶ ኤሲው ጸጥ ብሏል። ስልኩ ይጮሃል፤ ሲስተር አሚናት ነበረች።

«ኢንጂነር፣ መብራት ከጠፋ ቆየ። ጄኔሬተሩም አልነሣ አለ። መስታወቱ አይከፈት፣ ውስጡ አያስቀምጥ፤ እናቶቹን ከነልጆቻቸው አወጣናቸው።»

ጥላሁን ከአልጋው ዘሎ ወረደ። «ወዴት ነው ያወጣችኋቸው? ግቢው ውስጥ አንድ ዛፍ እንኳ የለም!»

«በሩ አጠገብ ያለው ትልቁ ታፔላ ሥር ነን። ስምዎ የተጻፈበት። ጥላ ያለው እሱ ብቻ ነው።»

ጥላሁን ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ጫማውን ይፈልግ ጀመር።

«አንዷ እዚሁ ወለደች፤ ሁለቱም ደህና ናቸው» አለች ሲስተር አሚናት። «አያትየዋ ታፔላው ምን ይላል ብለው ጠየቁኝ። ስምዎን አነበብኩላቸው፤ ትርጉሙንም በአፋርኛ ነገርኳቸው።»

«ምን አሉ?»

«ምን ይላሉ፤ ‹ሰውየው ባይሆንልን ታፔላው ሆነልን› አሉ።»