ተመራማሪው ልጄ ሲደውል

የተማረ ልጅ ለእናቱ ሲደውል ስለ ምን የሚያወራ ይመስላችኋል? የእኔው መሬት በመዶሻ እየመታ፣ በሚመለሰው ድምፅ ከሥር ያለውን ዓለት በሥዕል የሚያወጣ ተመራማሪ ነው። በልተሃል ወይ ስለው፣ “እማዬ፣ ዘንድሮ ብዙ ምሁራን ሥራዬን ጠቅሰው በጥናታቸው መጨረሻ ስሜን ጻፉ” ይለኛል። የምሁር ትልቅነት የሚለካው በዚያ ነው አሉ። ታዲያ እናት ዝም ትላለች? አሰላ ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን፣ የጸሎት መዝገቡ ላይ በየሳምንቱ ስሙን አስጻፍኩለት።

“ይኼስ አይቆጠርልህም?” ስለው ሳቀ። “አይ እማዬ!”

ባለፈው ሳምንት እዚሁ አጠገባችን ዴራ ድረስ መጥቶ፣ መሬቱን ሲያዳምጥ ሰንብቶ፣ እኔ ጋ አሰላ ሳይደርስ ተመለሰ። የነገረችኝ እዚያ የምትነግድ ጎረቤቴ ናት። ሲደውል ለምን አልመጣህም ልለው ነበር፤ ስልኩን ቶሎ እንዳይዘጋብኝ ፈራሁ።

“አሁንስ ስንት ሰው ስምህን ጻፈ?” አልኩት።

ደስ አለው፤ እንደዚያ ቀን ረጅም ሰዓት አውርቶኝ አያውቅም።