ሊጠይቁን መጡ

ጅቡቲ ውስጥ በቀትር ሰው ቤት የሚሄድ የለም። ሱቁ ይዘጋል፣ ቢሮው ይዘጋል፣ ድመቷ እንኳ ከመኪና ሥር አትወጣም። ተማሪዎቹ ቤቴ የመጡት በቀትር ነው። ገና ከዚህ ጀምሬ ብናደድ ትፈርዱብኛላችሁ?

ስምንት ናቸው። ከሩቅ አገር ዩኒቨርሲቲ ለአሥር ቀን የመጡ። የሚማሩት ‹ኢኮቱሪዝምና ባህል› ነው አሉ። አሳል ሐይቅ ወርደው ጨው ላሱ። ባሕር ገብተው፣ ነጠብጣብ ካለው ከዚያ ትልቅ ዓሣ ጋር ዋኙ። ባህል ቀራቸው። ባህሉ እኔ ሆንኩ።

ያመጣቸው ተፈራ ነው። ድሮ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ፈረንሳይኛ ስለሚችል አሁን እንግዳ ያዞራል። እኛው ሰፈር፣ ካርቲየ ሰባት ነው የሚኖረው። በዋዜማው ደውሎ፣ ‹‹ወንድሜ፣ ተማሪዎቼ ነገ ሊጠይቁህ ይፈልጋሉ›› አለኝ።

ሊጠይቁህ! ልጄን ከቀበርኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ትኩሳት በአራት ቀን ወሰዳት። ታዲያ ሐዘን የተቀመጠ ሰው ‹ሊጠይቁህ ነው› ሲባል ምን ይገባዋል? ‹እግዚአብሔር ያጽናችሁ› ሊሉን ነዋ! እናንተስ ብትሆኑ? ለሚስቴ ስነግራት፣ ያን ያህል መንገድ መጥተው ለኛ አዘኑ ብላ አለቀሰች። ከጎረቤታችን ከሐዋ ወንበር ተዋስን። ሚስቴ ጥቁር ሻሿን አስተካክላ ተቀመጠች።

ገቡ። በላብ ተጠምቀዋል። እኔ አንገቴን ደፍቼ ‹ያጽናችሁ›ን እጠብቃለሁ። አንዷ ቦርሳዋን ከፈተች። መሐረብ ልታወጣ ነው ስል፣ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣች።

ለካ ጥያቄ ነው! ቁጥር ያለው፣ ሦስት ገጽ ሙሉ።

ጠያቂ የእናቱን ሞት ይረዳል ይባላል። እነዚህ ሦስት ገጽ ይዘው የልጄን ሞት አልተረዱም። ስለ ሐይቁ ጨው ምን ይሰማሃል? ምን ይሰማኛል፤ እኔ ወደብ ላይ የጭነት ሰነድ ነው የማዘጋጀው። ትልቁን ዓሣ እንዴት ትንከባከባለህ? አንተዋወቅም አልኩ።

ጥያቄውን የሚተረጉመውን ተፈራን ያዝኩት። ‹‹አንተ፣ አልነገርካቸውም?››

‹‹ደስ የሚል ቤተሰብ አሳየን አሉኝ። ሞት ሲሰሙ ይደነግጣሉ፤ ልጆች ናቸው።››

‹‹የኔዋ ልጅስ? አሮጊት ናት?››

ሚስቴ ተነስታ ጓዳ ገባች። ላባርራቸው አፌን ስከፍት ባለ ወረቀቷ ልጅ ቀጣዩን ጥያቄ አነበበች። ተፈራ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ‹‹ስንት ልጅ አላችሁ ነው የምትለው… እኔው ዜሮ ልበላትና ይለፍ።››

ዜሮ? ለቅሶ የመጣው ሁሉ ‹ገና ወጣት ናችሁ፣ ትተካላችሁ› ብሎኝ ሄዷል፤ ጎማ የፈነዳብኝ ይመስል። አሁን ደግሞ ዜሮ?

‹‹አንድ በላት።››

‹‹ኧረ ተው በማርያም…››

‹‹አንድ!››

ተጻፈ። ሚስቴ የጓዳው በር ላይ ቆማለች። ልጅቷ ግን መች አቆመች? ልጃችሁ ለአካባቢ ጥበቃ ምን ታደርጋለች አለች።

‹‹ውሃ አታባክንም በላት›› አልኩት። ‹‹ላስቲክም አትጥልም።››

ተፈራ ላቡን ጠርጎ ተረጎመ። ልጅቷ አንድም ሳታስቀር ጻፈች። ቀና ብላ ፈገግ አለችና የሆነ ነገር ተናገረች። ተፈራ አልተረጎመም።

‹‹ምን አለች?›› አለችው ሚስቴ።

‹‹ጎበዝ ልጅ ናት… ነው የምትለው።››

ናት! ሦስት ሳምንት ቤታችንን የሞላው ለቀስተኛ ሁሉ ‹ነበረች› ሲል ነው የከረመው። ሚስቴ መጥታ ልጅቷ አጠገብ ተቀመጠች።

‹‹ስሟንም ትጻፍ እንጂ›› አለች።

ወረቀቱ የስም ቦታ የለውም አለ ተፈራ። ዳሩ ላይ ትጻፈዋ አልኩት። ይኸው፣ ላባርራቸው የተነሳሁት ሰውዬ ቁጭ ብዬ የልጄን ስም ፊደል በፊደል ሳስጻፍ ዋልኩ።