ታሪክ ተመርቄ ፊዚክስ ሳስተምር

የመንግሥት ቅጥር ማስታወቂያ አንብባችሁ ታውቃላችሁ? እኔን የሚያስደንቀኝ «ወይም ተዛማጅ ሙያ» የምትለዋ ሐረግ ናት። ሰው ኮሚቴው ውስጥ ዘመድ ካለው፣ የማይዛመደው ሙያ የለም።

እኔ የተዛመድኩት ከፊዚክስ ጋር ነው። የተመረቅኩት በታሪክ። ሚዛን ከተማ የፊዚክስ መምህር ሊቀጠር ስንመዘገብ፣ ከፊቴ የተሰለፈችው ምሕረት የምትባል የሸዋ ቤንች ወረዳ ልጅ ነበረች፤ የፊዚክስ ምሩቅ፣ ውጤቷ የሚያስቀና። ቃለ መጠይቁ ላይ እሷን በስበት ሕግ ሲያፋጥጧት ቆዩ። እኔ ስገባ፣ ከኮሚቴው አንዱ የእናቴ የማኅበር ጓደኛ ሆነው ተገኙ።

«እናትህ ደህና ናቸው?» አሉኝ።

ደህና ናቸው አልኩ። አለፍኩ።

በመጀመሪያው ሳምንት አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ከባድና ቀላል ድንጋይ ለምን እኩል ይወድቃሉ?»

«ሕጉ ነው» አልኳት። ተማሪዎቹ ጻፉት። የጻፉት ነገር አሳፈረኝ።

ቅዳሜ ከሚዛን አጠገብ ወዳለችው አማን ከተማ ወረድኩ። ሥራውን የተከለከለችው ምሕረት እዚያ አክስቷ ሱቅ ውስጥ ትሠራ ነበር።

«ምን ልስጥህ?»

«ምዕራፍ ሁለትን።»

መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥሎ ዓይኗ እንባ አቀረረ። የማባረር መብት ነበራት። «ላንተ ብዬ እንዳይመስልህ» አለች፣ «ታናሽ እህቴ አንተ ክፍል ናት።» ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው በስኳር ጆንያና በሳሙና ካርቶን መካከል ተቀምጬ ተማርኩ።

ውሎ አድሮ ለርዕሰ መምህሩ ለአቶ ወንድሙ እውነቱን ነገርኳቸውና በእሷ እንዲተኩኝ ለመንኩ። «ደብዳቤህ ፊዚክስ ይላል፤ ምን ላድርግህ?» አሉኝ። በዓመቱ የታሪክ መምህር ቅጥር ወጣ። ያመለከተችው ምሕረት ብቻ ነበረች፤ በ«ተዛማጅ ሙያ» ተቀጠረች። በታሪክ!

የቀረው ቀላል ነበር፤ ክፍል ተቀያየርን። እሷ በእኔ ስም ፊዚክስ፣ እኔ በእሷ ስም ታሪክ። አቶ ወንድሙ በመስኮት አዩን፤ መነጽራቸውን አውልቀው ረጅም ጊዜ ወለወሉት።

ዓመቱ ሲያልቅ ከወረዳ ሁለት ደብዳቤ መጣ። አንደኛው የተማሪዎችን የፊዚክስ ውጤት ስላሻሻልኩ ለእኔ የተጻፈ ምስጋና። ሁለተኛው ለምሕረት፦ የታሪክ ውጤት በማሽቆልቆሉ ማስጠንቀቂያ።

ምሕረት ሁለቱንም አነበበችና ቀና ብላ አየችኝ።

«አንተ ግን» አለች፣ «በእውነት ታሪክ ተምረሃል?»