የአረንጓዴው ጎዳና ሚስማር

ከተማን አረንጓዴ ማድረግ እንደ ዋዛ የሚታይ ሥራ አይደለም። ጥናት ይጠይቃል፤ ከጥናቱም በላይ ቆራጥነት ይጠይቃል። የከተማችን የዘላቂ ልማት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ የተከበሩ ዊሮት፣ ቆራጥ ሰው ናቸው። በወንዙ ዳር አረንጓዴ ቀለም የተቀባ የብስክሌት መንገድ፣ ግራና ቀኙንም በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ መብራቶች እንዲኖሩት ወሰኑ። እንከኑ አንድ ብቻ ነበር፤ ዛፎቹ ፀሐይዋን ይከልላሉ። ስለዚህ ለአረንጓዴው ጎዳና ሲባል ዛፎቹ እንዲቆረጡ ታዘዘ።

አንድም ዛፍ ሳይቆጠር እንዳይሞት፣ ለእያንዳንዱ የቆርቆሮ ቁጥር ተመታለት፤ በመመሪያው መሠረት በሁለት ሚስማር፣ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። ጃምጁሪ ለሚባለው ጥላው ሰፊ ትልቅ ዛፍ 168 ደረሰው። በዚያ ዛፍ ጥላ ሥር አክስት ላምዱአን ሠላሳ አንድ ዓመት የዳክዬ ኑድል ሸጣለች። ጥላው ከሄደ እንጀራዋም አብሮ ይሄዳል፤ በዚህ ከተማ ቀትር ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ትኩስ ሾርባ የሚጠጣ ጤነኛ ሰው የለም።

"መቼ ነው የምትቆርጡት?" ብላ የቆራጮቹን አለቃ ቡንሎምን ጠየቀችው።

"በአሥራ ሰባት፣ አክስቴ። ሎተሪው በወጣ ማግሥት።"

"አሥራ ስድስትስ ምን አላችሁ?"

"ሎተሪ በሚወጣበት ቀን ማን ይሠራል? ምን ነካሽ!"

ላምዱአን መቼም ሊወስዱብኝ ነው፣ እኔም የሆነ ነገር ልውሰድባቸው ብላ የላይኛውን ሚስማር በጉጠት ነቀለችና ጋሪዋ ላይ መትታ ጭልፋዋን ሰቀለችበት። ቆርቆሮው በታችኛው ሚስማር ዞሮ ተዘቀዘቀ። እሷ ልብ አላለችውም። መንደሩ ግን 168 ማታ አይቶ ጠዋት 891 ሲያነብ ሌላ ማስረጃ አላስፈለገውም፤ ዛፉ ውስጥ የምትኖረው መንፈስ የሎተሪ ቁጥር ሰጠችን ብሎ በሙሉ 891 ገዛ። በአሥራ ስድስት ሎተሪው ወጣ፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት አኃዞች 891 ነበሩ።

በማግሥቱ ኃላፊው ሥራውን ሊያስጀምሩ ሲመጡ ዛፉ ሰባት ዓይነት ቀለም ያለው ጨርቅ ተጠምጥሞበታል፤ ለዚያች መንፈስ፣ ለዛፏ እመቤት፣ የሐር ቀሚስ ተሰቅሎላታል፤ እንዳይጠማትም ቀይ ለስላሳ ከነመምጠጫው ተደርድሯል። ቡንሎም ጫማውን አውልቆ፣ ግንዱን በፓውደር እያሸ ቅርፊቱ ላይ የሚወጣውን ቀጣዩን የሎተሪ ቁጥር ይፈልጋል።

"ምን እያደረግህ ነው? ቁረጥ እንጂ!"

"ማንን ጌታዬ? እመቤቲቱን? አዲሱን ሞተሬን እኮ እሷ ናት የሰጠችኝ።"

"የዛፉ ቁጥር 168 ነው! መዝገብ ላይ ሰፍሯል! 891 የማንም ቁጥር አይደለም!"

"ተአምሩ እሱ አይደል? እናንተ 168 አላችኋት፣ እሷ አልተቀበለቻችሁም።"

መዝገብ እንዲህ ተዋርዶ አያውቅም። ሆኖም ጽሕፈት ቤቱ የሕዝብን ድምፅ የሚሰማ ነውና፣ "ሰፊ የኅብረተሰብ ተሳትፎን መሠረት ባደረገ ክለሳ" ዛፉ ቅርስ ተባለ። ቁጥራቸውን ለመገልበጥ ያልተባበሩት የወንዙ ዳር ሌሎች ዛፎች በሙሉ በዕቅዱ መሠረት ተቆረጡ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ኃላፊው ጥቁር መነጽር አድርገው ብቻቸውን መጡ። በአንድ እጃቸው ደብዳቤ ይዘዋል። በኪሳቸው የፓውደር ቆርቆሮ አብጧል።

"አክስት ላምዱአን፣ ለቅርሱ ክብር ሲባል ከሥሩ እንዲነሡ ተወስኗል።"

ላምዱአን ደብዳቤውን አየችው። ዛፉ ተርፎ እሷ ልትቆረጥ! እንባዋ መጣ፤ ለእሳቸው ላለማሳየት ፊቷን ወደ ድስቱ መለሰች።

"እሺ፣ ዕቃዬን ልሰብስብ" አለች። ጭልፋዋን አወረደች። ሚስማሩንም ከጋሪው ነቅላ፣ መዶሻ ይዛ ወደ ግንዱ ሄደች።

"ምን ሊያደርጉ ነው?"

"የመንግሥት ንብረት ነው ጌታዬ፣ ልመልስ። ጭልፋ ልሰቅልበት ከዚህ ነቅዬው ነበር። ቁጥሩም ይቃናል።"

ኃላፊው መነጽራቸውን አወለቁ። የተማሩ ሰው ናቸውና ነገሩ ወዲያው ገባቸው።

"እርስዎ ነዎት የነቀሉት? ማን ይንቀሉ አለዎት?"

"ማንም።"

"ማንም ሳይልዎት? እመቤቲቱ ናት እንጂ! ትነግርዎታለች ማለት ነው!"

"ልምታው?"

"እንዳይነኩት! አክስቴ፣ በፈጠረዎት፣ ሚስማሩ ወደነበረበት ጋሪ ይመለስ።"

"ጋሪው ይነሣ አላላችሁም?"

ኃላፊው ደብዳቤውን አራት ቦታ አጥፈው ከፓውደሩ ጋር ከተቱት። ከዚያም ዝቅተኛዋ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ቃሪያ የበዛበት አንድ ሳህን አዘዙ።

በዓመቱ ከተማችን በዘላቂነት ተሸለመች። ኃላፊው በንግግራቸው ውጤቱ የሳይንሳዊ ጥናት ፍሬ መሆኑን ገለጹ። ቀጣዩ አረንጓዴ ጎዳና በገበያው መንገድ እንደሚሠራም አበሠሩ፤ በዚያም አርባ ዛፎች ቁጥራቸው ተመታላቸው፣ በመመሪያው መሠረት በሁለት ሚስማር።

በዚያው ሳምንት ቡንሎም ላምዱአንን ገበያው መንገድ ላይ አገኛት።

"አክስቴ፣ ጉጠት ይዘሽ ወዴት ነው?"

"ጭልፋ ጨምሬ ገዛሁ፣ ልጄ" አለችው። "አርባ።"