ሊቀ መንበሩ ለሟች አቻ የሰጡበት ቀን

የክበቡ ጣሪያ ማፍሰስ በጀመረ በሦስተኛው ዓመት፣ ሊቀ መንበሩ በቼዝ ክበቡ ላይ በነገሡ በዐሥራ አንደኛው ዓመተ መንግሥታቸው፣ በዕለተ ቅዳሜ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ ባለ ግርማው፣ የቀድሞው የውሃ ቆጣሪ አንባቢ፣ ዛሬ ግን ጡረተኛና መዋዔ ፀር የሆኑት ኀያሉ ሊቀ መንበር፣ ከፀጉር ቤቱ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል የሰዓት ሠሪውን መታሰቢያ ያደርጉ ዘንድ ተነሡ።

ሰዓት ሠሪው «ዝምታ» የሚል ቅጽል የወጣለት፣ በክበቡ ሁሉ የተከበረ፣ ሲያሸንፍ የማይፎክር ሰው ነበረ፤ ሲሸነፍ ምን እንደሚያደርግ ያየ የለም። ከመሞቱ ሦስት ሳምንት አስቀድሞ ከሊቀ መንበሩ ጋር ሲጫወት፣ ተራው የእሱ ሆኖ ሳለ ደረቱን ያዘና በታክሲ ሆስፒታል ተወሰደ፤ በዚያው ቀረ። ሊቀ መንበሩም ማንም እንዳይነካው ብለው ሰሌዳውን በላስቲክ ሸፈኑት፤ ሆስፒታሉ በእግር ዐሥር ደቂቃ ቢሆንም ጉልበታቸውን አሟቸው ነበርና ሊጠይቁት አልሄዱም፤ በዚያው ሰሞን ከሱቅ ሱቅ ሲዞሩ ጫማ ሲመርጡ የታዩት በሌላ ጉልበት መሆን አለበት።

በመታሰቢያውም ቀን የከበቧቸው ሠራዊት እነዚህ ነበሩ፤ መነጽሩን በክር ያሰረው ጸሐፊያቸው ልብስ ሰፊ፣ ፈረስ እንዴት እንደሚዘል እስከ ዛሬ የሚያጠራጥረው ፋርማሲስት፣ ለጋዜጣው ብቻ የሚመጣው ሾፌር። በስተበሩ በኩል የሟች ሚስት፣ ነርሷ፣ ከሥራ ወጥታ ነጭ ጋውኗን በክንዷ እንደያዘች ተቀምጣለች፤ የመጣችው ባሏ ክበቡ ውስጥ ረስቶት የሄደውን የንባብ መነጽር ልትወስድ ነው።

ወእምዝ ሊቀ መንበሩ ጉሮሯቸውን ሦስት ጊዜ ጠርገው፣ ስለ ሟች ሁለት ደቂቃ፣ ስለ ራሳቸው አርባ ደቂቃ ከተናገሩ በኋላ፣ ላስቲኩን በሁለት ጣት ገፈው እንዲህ ሲሉ ዐወጁ፤

«ስማ! ያልሰማህ ስማ! ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ይቺን ጨዋታ በእጄ አስገብቻት ነበር፤ እንዳለቀች ቁጠሯት። ግን ምን አደርጋለሁ፣ አንጀቴ አልችል አለ፤ ለነፍሱ ስል አቻ ሰጥቼዋለሁ። ጸሐፊ፣ መዝገብ ላይ አስፍርልኝ!»

ልብስ ሰፊው አጨበጨበ። ሊቀ መንበሩም እንባ ቢመጣ ብለው ዐይናቸውን አሹ፤ አልመጣም።

ያን ጊዜ ነርሷ ተነሣች፤ ጋውኗን የወንበር መደገፊያ ላይ ጣል አድርጋ በባሏ ቦታ ተቀመጠችና፣ ቀኑን ሙሉ በሽተኛ ሲያስታምም በዋለ ድምፅ ዐወጀች፤

«እኔ ቼዝ አልችልም። እሱ ግን እዚያ ተኝቶ ስለዚች ጨዋታ ሲያወራ ነው የሰነበተው። የትኛውን ጠጠር ወዴት እንደሚያነሣ ሳይቀር አስጠንቶኛል፤ ‹ጓደኛዬ ሲመጣ እንጨርሳታለን› እያለ በሩን በሩን ያይ ነበር። አልመጡም። እንግዲህ እኔ ልጨርስለት፤ ተራው የእሱ ነው።»

ይህንም ብላ ፈረሱን አንሥታ አዘለለችው፤ የሊቀ መንበሩ ንጉሥ አንዲት መሸሻ ብቻ ቀረችው። ሠራዊቱ አንገቱን አሰገገ፤ ሾፌሩ እንኳ ጋዜጣውን አጠፈ። ሊቀ መንበሩም ዐይን ሁሉ እሳቸው ላይ ነውና የግዳቸውን ንጉሡን አንድ ቤት አሸሹት። እሷም፣ አንደኛው ግንብ ከጠፋ ወዲህ በምትኩ የቆመውን የጠርሙስ ቡሽ ገፍታ ከዳር እስከ ዳር አደረሰችው። ስንቱን ዘመቻ ያለፈ ንጉሥ በቡሽ ተያዘ። ፋርማሲስቱ ሳይቀር ገባው።

ኀያሉ ሊቀ መንበር ግን ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፍትረው ቆሙና ሁለተኛውን አዋጅ አስነገሩ፤

«አባል ያልሆነ ሰው ያነሣው ጠጠር አይቆጠርም! ደንብ ደንብ ነው። አቻ ብያለሁ፣ አቻ!»

ነርሷ መነጽሩን በመሐረብ ጠቅልላ ወጣች። ልብስ ሰፊው ሊሸኛት ተከተለ፤ አልተመለሰም። ፋርማሲስቱ ስልክ የተደወለለት መሰለ፤ ሾፌሩም ጋዜጣውን በብብቱ ሸጉጦ ሹልክ አለ።

ሊቀ መንበሩ ብቻቸውን በቀሩ ጊዜ፣ በሩን ገርበብ አድርገው ቡሹን ወደ ቦታው መለሱና ንጉሣቸውን በሌላ መንገድ ሊያወጡት ሞከሩ፤ በግራ፣ በቀኝ፣ ከወታደሮቹ ኋላ። መውጫ የለም። ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አላቸው። እሳቸው የተጫወቱትን ጠጠር እየመለሱ ስለሚያስቸግሩ፣ ሌላው ሁሉ «ዛሬ አልተመቸኝም» ሲላቸው፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ፊት ለፊታቸው የተቀመጠ ያ ሰው ብቻ ነበር። ጠጠሮቹን ደርድረው፣ ነጮቹን ወደ ወዲያኛው ወንበር አዙረው፣ እጃቸውን አጣምረው ጠበቁ።

እነሆ እስከ ዛሬም በየቅዳሜው ይጠብቃሉ። ስለዚህ ውዳሴ ለሊቀ መንበራችን ይሁን! ሊጠይቁት ያልሄዱትን ወዳጅ በምሕረታቸው አቻ ላወጡት፣ በቡሽ ተሸንፈው በመዝገብ ላልተሸነፉት! ከእንግዲህ ከፀሐይ በታች የሚያሸንፋቸው አይገኝም፤ የሚገጥማቸው የለምና።